የትናንት ውሎ በደብተር ላይ

(ከዚህ በታች የቀረበው ጁባ፣ ካቶር ውስጥ ስደተኛ ተማሪዎችና ወላጆች በተሰበሰቡበት ዕለት በአንድ መምህር የተደረገ ንግግር ነው። በሰፈራው ለምትገኙ አንባቢያንም ይጠቅማል በሚል እዚህ ወጥቷል።)





ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችሁ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለሚጽፉት ድርሰት ነው። ድርሰቱ ስለ ጀግና ወይም ስለ ታላቅ ከተማ አይደለም። ልጁ ራሱ ስለዋለበት፣ ስላየውና ስለሰማው ነው። ከወላጆች መካከል «ልጄ ውሃ መቅዳቱን መጻፉ ምን ትምህርት ይባላል?» ሲሉ የጠየቁን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህም መልሱን በጉባኤ ፊት መስጠት ወደድን።

ወገኖች፣ ስለ እኛ ስለ ስደተኞች ብዙ ወረቀት ይጻፋል። ስማችን፣ የትውልድ ዘመናችን፣ የቤተሰባችን ብዛት፣ ድንበር የተሻገርንበት ቀን ይመዘገባል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ መታወቂያም ራሽንም የለም። ነገር ግን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ የሚጠየቀውንም የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው። «ትናንት ምን አሳቀህ? ማታ እናትሽ ምን አለችሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። እነዚህን ጥያቄዎች እኛው ራሳችን ካልጠየቅንና ካልመለስን፣ ከዚህ ዘመን የሚተርፈው ቁጥራችን ብቻ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱም ነገር ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። ለአንድ ክፍል ሁለት ርእስ ሰጠን። የመጀመሪያው «አገሬ» የሚል ነበር። ልጆቹ ስለ አሥራ ሦስት ወር ፀጋ፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ጻፉ። ሐሰት የለበትም፤ ፊደሉም ጥሩ ነበር። ሆኖም ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ እዚህ የተወለዱ ወይም በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የመጡ ናቸው። ጣናን ያየ የለም። በዚህም ምክንያት የአንዱ ድርሰት ከሌላው የሚለየው በእጅ ጽሑፉ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ርእስ «የትናንት ውሎዬ» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ድርሰት አልተገኘም። አንዱ ልጅ ስለ ውሃ ቦቴ ጻፈ። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ሲሆን ቦቴው ይቀራል፤ በርሜሉ ሲጎድል እናቱ የቀረውን እንዴት እንደምታከፋፍል በዝርዝር አስቀመጠ፤ ለመጠጥ፣ ለሊጥ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ያጠበችበት ውሃ ደግሞ ለእግር። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ጁባ ውሃ ችግር ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

አንዷ ደግሞ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ ከአክስቷ ጋር ቡና ስለምታፈላበት ስፍራ ጻፈች። ሱዳናዊው ደንበኛ ዝንጅብል እንዲገባበት ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ግን ጀበናውን አይቶ መጀመሪያ «ስንተኛው ነው?» ይላል። ሌላዋ ኪስራን ከእንጀራ ጋር አወዳደረች። ሁለቱም በሊጥ ተቦክተው በምጣድ ላይ ይጋገራሉ፤ ኪስራ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። ጤፍ ሲወደድ እናቷ በማሽላ ዱቄት እንጀራ ልታወጣ ስትሞክር የሠፈሩ ሴቶች መጥተው ሲያዩና ሲከራከሩ የዋሉትን ጻፈች። ይህች ልጅ አገሯን በጻፈችበት ወረቀት ላይ ያልነበረ አገር በዚህኛው ላይ ነበር።

ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ግን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያቀረበችውን ሐሳብ ነው። ስሟን አንጠራም፤ ይህን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ተማሪዎቹ ድርሰታቸውን ከጨረሱ በኋላ «በመጻፋችሁ ምን አገኛችሁ? ምንስ አስቸገራችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሷ ሦስት ነገር አለች።

አንደኛ፣ ከመጻፏ በፊት ውሎዋ ባዶ ይመስላት ነበር። ከቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል አካባቢ እስከ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ያለውን መንገድ ለሦስት ዓመት ተመላልሳበታለች። እስክሪብቶ ስታነሣ ግን በመንገዱ ላይ ምን እንዳለ መናገር አልቻለችም። በማግስቱ ስትሄድ ማየት ጀመረች፤ በማንጎው ዛፍ ሥር የልብስ ስፌት መኪናውን የዘረጋውን ሰው፣ ጀሪካን በብስክሌት ጭኖ የሚገፋውን ልጅ፣ ዋጋ የተጻፈበትን ሰሌዳ በየጊዜው የሚደመስሰውን ባለሱቅ። መንገዱ ያው ነበር፤ ዓይኗ ግን ሥራ አገኘ።

ሁለተኛ፣ «ችግር» ስለሚለው ቃል ተናገረች። በመጀመሪያ ጽሑፏ ላይ «ቤተሰባችን በችግር ላይ ነው» ብላ ነበር። እኛም በኅዳጉ ላይ «ምን አየሽ?» ብለን ጻፍንላት። በሁለተኛው ጽሑፏ ያ ዓረፍተ ነገር የለም። በእርሱ ፈንታ፣ ሦስት ልጆች በአንድ ሳሕን ሲቀርቡና እናታቸው «እኔ ቀድሜ በልቻለሁ» ስትል አለ። ልጆቹ እንዳልበላች ያውቃሉ፤ እርሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች፤ ማንም ምንም አይልም። ተማሪዋ ይህን ከጻፈች በኋላ ለማንበብ ፈራች፤ የእናቷ ምስጢር መሰላት። ስለዚህ ለእናቷ አነበበችላት። እናትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጻፊው፤ ግን ወጡ ጥሩ እንደነበር ጨምሪበት» አሏት። እርሷም ጨመረችበት። ወገኖች፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ድርሰቱን አላበላሸውም፤ ቤቱን ሙሉ አድርጎ አሳየ እንጂ። ችግር ባለበት ቤት ክብርም ወጥ የማጣፈጥ ሞያም አለ።

ሦስተኛው ነገር ከባድ ነው። «ትንሹን ነገር መጻፍ እችላለሁ፤ ትልቁን ግን አልችልም» አለች። በሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) በጁባ ተኩስ በተነሣ ጊዜ ሕፃን ነበረች። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ከአልጋ ሥር መተኛቷንና፣ የሚጋግረው ሰው አጥቶ ከቡሃቃው ገንፍሎ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሊጥ ብቻ ነው። «ይህ ታሪክ አይሆንም» አለችን። እኛ ደግሞ ይሆናል እንላለን። የውጊያውን ቀንና የሞተውን ሰው ብዛት የሚጽፉ ሌሎች አሉ። ያን ሊጥ ያየች ግን እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ማንንም ልጅ «ትልቁን ጻፍ» ብለን አናስገድድም። ሐዘን በክፍል ሥራ አይታዘዝም። የዕለት ውሎን መጻፍ የለመደ እጅ፣ ልቡ በፈቀደለት ጊዜ ሌላውንም ይጽፋል፤ ባይፈቅድለትም ምንም አይደለም።

ምናልባት «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ግን አይደለም። በእኛው ቋንቋ «ወግ» የሚባል የጽሑፍ ዓይነት አለ። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በሚለው መጽሐፉ የሚታወቅበት ይኸው ነው፤ በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ሁላችንም አይተን አልፈነዋል፣ እርሱ ግን ቆሞ አየው። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሽሬ ግንባር ተዋግተው፣ በኋላም ተማርከው በጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው ናቸው። ስለ ዘመናቸው የጻፉት መጽሐፍ ርእሱ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይላል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም፤ ካየኸው ጻፍ፣ ከምታስታውሰው ጻፍ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከልብ ወለዱ ሌላ ስለዚያው የጦርነት ዘመን «ትዝታ» የተባለ መጽሐፍ ትተውልናል።

በውጭው ዓለምም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ በ1580 (እ.ኤ.አ.) ስለ ራሱና ስለ ዕለት ኑሮው የጻፋቸውን ጽሑፎች በአገሩ ቋንቋ «ሙከራዎች» ብሎ ሰየማቸው። አና ፍራንክ የምትባለው ልጅ ቤተሰቦቿ ከጀርመን ወደ ሆላንድ የተሰደዱ ናቸው። በ1942 በአሥራ ሦስተኛ ዓመት ልደቷ ደብተር ተሰጣት። ከሁለት ዓመት በላይ በተደበቁበት ቤት ስለ ድንች መላጥ፣ ስለ ጠብና ስለ ሳቅ ጻፈች። እርሷ በ1945 በእስር ካምፕ ሞተች፤ ደብተሩን አባቷ በ1947 አሳተሙት። ዛሬ ያ ዘመን ለብዙ ሰው የሚታወቀው በአንዲት ስደተኛ ልጅ የዕለት ውሎ ነው።

ከወላጆች ወደ ቀረቡልን ሥጋቶች እንመለስ።

«ገመናችን አደባባይ ይወጣል» ላላችሁን፦ የልጁ ደብተር የልጁ ነው። ያለ ፈቃዱ በክፍል አይነበብም፤ ከክፍል ውጭም አይወጣም። ልጆቹ የሰው ስም ትተው «ጎረቤታችን»፣ «አንድ ዘመድ» ብለው እንዲጽፉ እናስተምራለን። በሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ደግሞ እውነትም ቢሆን በደብተር አይጻፍም።

«በጉዳያችን ላይ ችግር ያመጣል» ላላችሁን፦ የትምህርት ቤት ድርሰትና የስደተኝነት ጉዳይ ፋይል የተለያዩ ናቸው። ቃለ መጠይቁ በምስጢር የሚያዝ ሲሆን የሚጠየቀውም ለምን እንደተሰደድን ነው። ድርሰቱ ስለ ውሎ ነው። ልጆች ግን ከትልልቆች እየሰሙ «ለሰሚ የሚስማማ ታሪክ» መናገር እየለመዱ መሆናቸውን እናያለን። ይህ ያሳስበናል። አንድ ልጅ ሕይወቱን ሁሉ ለጠያቂ በሚመች መንገድ ብቻ መተረክ ከለመደ፣ የራሱ የሆነው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። የውሎ ድርሰት ከዚህ ይጠብቀዋል፤ ያየውን እንዳየው መናገርን ያስለምደዋልና።

«አማርኛቸው ተበላሸ» ላላችሁን ደግሞ፦ አዎ፣ የጁባ ዐረብኛ ይገባበታል። አንድ ልጅ «ሞያ ልቀዳ ሄድኩ» ብሎ ጽፎ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በጁባ ዐረብኛ ሞያ ውሃ ነው፤ በእኛ ደግሞ የእጅ ሥራና ብልኃት ነው። ቃሉን አልሰረዝነውም፤ «ውሃ» የሚለውን በላዩ ጻፍንበት እንጂ። ከጋምቤላ የመጡት ልጆችም ቤት ውስጥ አኝዋክኛ ይናገራሉ። አያትየዋ የተናገረችው በአኝዋክኛ ከሆነ በዚያው ይጻፍ፤ ትርጉሙ ይከተል። ሰዋስው ይታረማል፤ ሰው የተናገረውን መለወጥ ግን እርማት አይባልም።

በመጨረሻ፣ እቤታችሁ ሆናችሁ መጻፍ ለምትፈልጉ፣ በተለይም ጎሮም ሰፈራ ለምትኖሩ ወገኖች፣ ለተማሪዎቻችን የምንሰጠውን ምክር እናካፍላችሁ።

1ኛ. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ቀኑን ሙሉ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ዕቃ ይበቃል።

2ኛ. «የተወለድኩት» ብላችሁ አትጀምሩ። ነገሩ ከተነሣበት ጀምሩ።

3ኛ. «ብዙ» ከማለት ስንት ጀሪካን፣ «ሩቅ» ከማለት ከየት እስከ የት እንደሆነ ጻፉ።

4ኛ. ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አመልክቱ። ከሃያ ዓመት በኋላ ይህ ይጠቅማል።

5ኛ. ያሳቃችሁንም ጻፉ። ሐዘን ብቻ የሞላበት ደብተር ግማሹን ብቻ ያወራል።

6ኛ. ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ ዝናብና ምስጥ ፊደል አይመርጡም።

መጻፍ ለማትችሉ እናቶችና አባቶችም መንገድ አለ። ቡናው ሲፈላ እናንተ ተናገሩ፣ ልጁ ይጻፍ። እርሱ ፊደል ይለማመዳል፤ እናንተ ደግሞ ጣናን ወይም ባሮን ላላየ ልጅ ያያችሁትን ትሰጡታላችሁ። በዚያን ጊዜ «አገሬ» የሚለው ርእስ እንደገና ቢሰጥ፣ ልጁ ከመፈክር ሳይሆን ከእናቱ አፍ የሰማውን ይጽፋል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ በሳምንት አንድ ማታ የግማሽ ሰዓት ብርሃን፣ በዓመት አንድ ደብተር፣ ልጁም ጽፎ ሲያነብላችሁ እስኪጨርስ መስማት። ብትቆጡ እንኳ ከጨረሰ በኋላ ይሁን። የሚጎድል ነገር ካያችሁበትም እንደዚያች እናት «ይህን ጨምርበት» በሉት።