ራዲዮናችን ለምን ይጮሃል?

ጽሑፉን በእጃችሁ ይዛችሁ የምትከታተሉ፣ ጣታችሁን ከመስመሩ ላይ አሳርፉ። እንጀምር።

ሀዋሳ ውስጥ ነን እንበል። ጊዜው ማታ ነው። ራዲዮ ከፍታችሁ በመካከለኛ ሞገድ ዜና ታዳምጣላችሁ። በደጅ ባጃጅ ሲያልፍ ራዲዮው «ጠጠጠጠ» ይላል። ባጃጁ ሲርቅ ጩኸቱ ይጠፋል። ለምን?

ምክንያቱ ብልጭታ ነው። ብ፣ ል፣ ጭ፣ ታ፤ ብልጭታ። በባጃጁ ሞተር ውስጥ ካንዴላ አለ። ካንዴላው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ሐይቃችን ላይ ጠጠር ብትወረውሩ ውሃው ሞገድ ያነሣ የለም? የኤሌክትሪክ ብልጭታም በዓይን የማይታይ ሞገድ ያስነሣል። ይህን በ1880ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር በሙከራ ያሳየው ኸርዝ የሚባል ምሁር ነው። ጣቢያዎች «ኪሎ ኸርዝ» ሲሉ የሚያነሡት የእሱን ስም ነው።

እንግዲህ ብልጭታ ሁሉ እንደ ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ ነው ማለት ነው። መብረቅም ብልጭታ ነው፤ ስለዚህ ራዲዮ ያስጮሃል።

ባጃጁስ ያልፋል። ዝናቡም ያባራል። የማያቋርጥ ጩኸት ግን ልብ በሉት! የላላ ሶኬት ወይም በደንብ ያልተያያዘ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ብልጭ ድርግም ይል ይሆናል። ብልጭታ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ቤት ያቃጥላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ክፈቱ። ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ማጥፊያ የቤቱን መብራት አጥፉ። ጩኸቱ ካቆመ ነገሩ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ካላቆመ ከውጭ ነው። መብራቱን መልሱና ዕቃዎቹን አንድ ባንድ ንቀሉ። አንዱን ስትነቅሉ ጸጥ ካለ፣ የሚያስጮኸው እሱ ነው። ቻርጀርና አንዳንድ አምፑል ሳይበላሹም ያስጮሃሉ። ሁሉም ተነቅሎ ጩኸቱ ከቀጠለ፣ ወይም ሶኬቱ ከጋለና ከሸተተ፣ መብራቱን አጥፉና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። ራሳችሁ አትነካኩት።

ራዲዮውን በጥፊ መምታት ምንም አይፈይድም። እሱ የሰማውን ነው የሚናገረው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ብልጭታ፣ ሞገድ፣ ሽቦ። ከጻፋችሁ በኋላ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ደኅና ሁኑ።