ከስንዴው ጆንያ በስተኋላ



አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣችው የእህል እርዳታ ሕግ፣ ሕዝባዊ ሕግ 480፣ የተራበን ከመመገብ ጋር የተረፈ ምርቷን ማንሣትንና የውጭ ገበያ ማስፋትን ያለመ ነበር። በ1953 በግብርና መሥሪያ ቤቷ ሥር የተቋቋመው የውጭ ግብርና አገልግሎትም በብዙ ኤምባሲዎች ባለሙያ አስቀምጦ ለገበሬዎቿ ገበያ ያፈላልጋል፤ የአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት የእኛን የቡና ምርት ሳይቀር ለዓመታት እየገመተ ሲዘግብ ቆይቷል። በዚህ አንቀየማቸውም፤ ለገበሬያቸው ታምነዋል፤ ስንዴውም ብዙ ነፍስ አትርፏል።

እኛ ግን እርዳታ ባደልንበት ሳምንት የምእመናችን ስንዴ በገበያ ስንት እንደዋለ ጠይቀን እናውቃለን? አብዛኛውን ጊዜ አልጠየቅንም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰበካ ኮሚቴ ከእደላ በፊትና በኋላ ያለውን የገበያ ቀን ዋጋ በመዝገብ እንዲይዝልን በትሕትና እንጠይቃለን።