በገዛ አካላችን የተማርነው ምት





ብዙ ሰው ሙዚቃ ለመማር አስቀድሞ መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል ይላል። ነገር ግን ሰው መሣሪያውን ይዞ ይወለዳል፤ እርሱም እጁ፣ ደረቱ፣ ጭኑና እግሩ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ ካርል ኦርፍ ባስፋፋው ዘዴ ልጆች ምትን የሚማሩት በማጨብጨብ፣ ጭንን በመምታትና መሬትን በመርገጥ ነው። ለአገራችንም ይህ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ወረብ ጭብጨባ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ይስማማል፤ በሠርግም ቤት ዘፈኑን የሚያደምቀው የእናቶቻችን እጅ ነው።

ልምምዳችን እንዲህ ነበር። ከዳንግላና ከእንጅባራ የመጣን ተማሪዎች ክብ ሠርተን፣ አንዳንዶቻችን በአገውኛ፣ ሌሎቻችን በአማርኛ፣ ከ1 እስከ 6 እኩል ቈጠርን። ግማሻችን በ1 እና በ4 መሬት ረገጥን፤ ግማሻችን በ1፣ በ3 እና በ5 አጨበጨብን። ሁለቱ ወገኖች መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ በ1 ላይ ይገናኛሉ። የቸኰለ ሁሉን ያፈርሳል፤ ጓደኛውን የሚያዳምጥ ግን ሁሉን ያቆማል።

እኛ በዚህ ዓመት ተሰናባቾች ነን። ስለዚህ ታናናሾቻችን ልምምዱን እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። እናንተም እናቶቻችን፣ የየቀበሌያችሁን ጭብጨባ ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ምት ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።