የጥርስ ሳሙናን ከተፉ በኋላ በውኃ መጉመጥመጥ ይገባልን?

(በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ንጽሕና አጠባበቅ በተነጋገርን ቍጥር ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። አብዛኞቻችን ጥርሳችንን ቦርሸን ሦስት አራት ጊዜ ካልተጉመጠመጥን የታጠብን አይመስለንም። የጥርስ ሐኪሞች ምክር ግን አረፋውን በደንብ ተፍቶ መተው ነው።

ምክንያቱ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ከስኳር አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ፍሎራይድ ማዕድኑ ተመልሶ እንዲጠነክር ያግዛል፤ ይህን የሚሠራው ግን በጥርስ ላይ ሲቆይ ነው። በተለመደው የአዋቂዎች ሳሙና አንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ1000 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ይገኛል። ወዲያው የተጉመጠመጠ ሰው አብዛኛውን አጥቦ ይደፋዋል። በተለይ ማታ፣ ምራቅ በሚቀንስበት በእንቅልፍ ሰዓት፣ ጥርሱ ያለ ጠባቂ ያድራል። (ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤተሰብም አንድ ብርጭቆ ይተርፈዋል።)

«ፍሎራይድ ጥርስ ያበልዛል ይባል የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ ብዙዎችን እናያለን። ይህ የመጣው ግን ጥርስ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ፍሎራይዱ የበዛ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በየዕለቱ ከመጠጣት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃን ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም አድርጎታል። ከተፉ በኋላ በአፍ የሚቀረው ሳሙና ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ሕፃናት ግን መትፋት ስለማይችሉ ይውጡታል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ ትልቅ ሰውም አጠገቡ ይቁም።

ካህናት አባቶች ስለ ጾመ ቍርባን መጠየቃችሁ ይጠበቃል። ለቍርባን የሚዘጋጅ ሰው 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ስለሚከለከል፣ ሳሙና በአፉ ትቶ ማደር ያሳስበዋል። እርሱ ከመጨረሻው ማዕድ በኋላ፣ ጾሙ ሳይጀምር ይቦርሽ። ከቈረቡ በኋላም እንትፍ ማለት ስለማይፈቀድ የዕለቱ መቦረሽ ይቆያል። ከዚህ የጠበቀውን የንስሐ አባት ይወስናል።

መፋቂያ የምትጠቀሙ እናቶችና አባቶች አትተዉት፤ ቆሻሻን ያነሣል። ነገር ግን የሳሙናውን ያህል ፍሎራይድ ስለማይሰጥ፣ ማታ ማታ ሳሙና ቢታከልበት መልካም ነው። ስትገዙም በሳሙናው ቱቦ ላይ ፍሎራይድ የሚል መጻፉን ተመልከቱ፤ ከሌለበት መጉመጥመጡም አለመጉመጥመጡም ለውጥ የለውም።