የእናቴ ሬዲዮና እኔ የጻፍኩት 4.98 ቮልት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «ስለ ኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የዕለት ኑሮ ጥቂት ተናገር» ባለኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ሁለት ሦስት የሚያሥቅ ነገር አውርቼ ለመቀመጥ ነበር። የሚያሥቅ ነገርማ መቼ ይታጣል። ሌሊት በስልክ መብራት ሬዚስተር ስንለቅም ብርቱካኑን መሥመር ቀይ ነው ብለን፥ 1 ኪሎ ኦም በሚገባበት 10 ኪሎ ኦም አስገብተን፥ «ለምን አይበራም» እያልን እስኪነጋ የተጨቃጨቅንበትን ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ አይረሱትም። ደግሞም አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚቈጥር የቊጥር መብራት ሠርቼ፥ ለጓደኛዬ ላሳየው በላስቲክ ከረጢት ይዤ ወደ አንድ ሕንፃ ስገባ ጥበቃው ከረጢቱን ከፍቶ አየ። ሽቦው ቀይና ጥቁር ነው፤ ባትሪው ባለ 9 ቮልት ነው፤ ቊጥሩም 47፥ 46፥ 45 እያለ ይወርዳል። «የትምህርት ነው!» ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ። ቊጥሩ ዜሮ ደርሶ ምንም ነገር ሳይሆን በቀረ ጊዜ ነው ሰውዬው የተነፈሰው። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬው ተነፈስኩ።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ብቻ አውርቼ ብቀመጥ ኅሊናዬ አይቀበለውም። ስለዚህ ዛሬ በመምህሮቼ ፊት አንድ ነገር እናዘዛለሁ፤ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በሁለተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ትምህርታችን ስምንት ሆነን በአንድ ኦሲሎስኮፕ ዙሪያ እንቆም ነበር። ስምንት ሰው በአንድ ዕቃ ላይ ሲቆም ሥራው በራሱ ጊዜ ይከፋፈላል። አንዱ ደፋር ነው፤ ፕሮቡን፥ ማለት የሚለካበትን መንኪያ ዘንግ፥ እርሱ ይይዛል። ሁለተኛው ሽቦ ይሰካል። ሦስቱ «እስቲ እኔም ልየው» ይላሉ፤ አንዱ በር በር ያያል። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ስለ ተባለ ሪፖርት ጸሐፊ ሆንኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ሆኜ ስቀመጥ ፕሮቡን በእጄ የያዝኩት ምናልባት ሁለት ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ ያገኘሁትን ማርክ ግን ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ፤ እጅግ ጥሩ ነበር።

አንድ ቀን የተሰጠን ሙከራ ይህ ነበር። ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ተቀጣጥለው 10 ቮልት ይሰጣቸዋል፤ ከመካከላቸው ላይ ስንት ቮልት እንዳለ መለካት ነው። ይህ ለማንም ቀላል ነው፤ ሁለቱ እኩል ስለ ሆኑ 10 ቮልቱ ለሁለት ይከፈላል፤ መልሱ 5 ነው። ጓደኛችን ፕሮቡን ቢያስነካ ኦሲሎስኮፑ 3.3 አለ። አሁንም አስነካ፤ 3.3። ሬዚስተሮቹን ለወጥን፤ ያው 3.3። «ዕቃው አርጅቷል» ተባለ፤ ሁላችንም ተስማማን። ሰዓቱም አልቆ ነበረ፤ ምሳ ቤቱ ሊዘጋ ነው። እኔም ሪፖርቱ ላይ 4.98 ቮልት ብዬ ጻፍኩ። 5 ብዬ ያልጻፍኩት ያስጠረጥራል ብዬ ነው። አያችሁ፥ ለውሸቱም ሒሳብ ሠርቼለታለሁ። «የስሕተት ምክንያት» በሚለው ሥፍራ ደግሞ «የዓይን ግድፈት» ብዬ ሞላሁ።

እውነቱን ያወቅሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ኦሲሎስኮፑ ራሱ በውስጡ 1 ሜጋ ኦም አለው። ፕሮቡን ስናስነካ ያ 1 ሜጋ ኦም ከታችኛው ሬዚስተር ጎን ይቆምና ሁለቱ ተዳምረው ግማሽ ሜጋ ኦም ይሆናሉ። እንግዲህ ከላይ 1፥ ከታች ግማሽ፤ ከታች የሚገኘው የ10 ቮልቱ ሢሶ ነው፤ ይኸውም 3.3። የለካነው ሁለት ሬዚስተሮችን ሳይሆን ሦስት ኖሯል፤ ሦስተኛው መለኪያችን ነው። በፕሮቡ እጀታ ላይ 1 እና 10 የሚል መቀያየሪያ አለ። ወደ 10 አዙረነው ቢሆን ኖሮ፥ ሒሳቡን ከማስተካከል ጋር፥ 4.76 ገደማ ባገኘን ነበር። መቀያየሪያው ለምን እንደ ተሠራ ግን ከስምንታችን አንድም የጠየቀ አልነበረም። ያ ሙከራ ሊያስተምረን የነበረው ይህንኑ ነው፤ የሚለካ ዕቃ የሚለካውን ነገር እንደሚለውጥ። እኔም በቆንጆ ጽሕፈቴ ሰርዤ ጣልኩት።

በዚያ ክረምት ለዕረፍት ወደ ደሴ ወረድኩ። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ልጅ አገሩ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በማግስቱ እትዬ እገሌ የስልክ ቻርጀር ይዘው መጡ፤ ቀጥሎ የዲሽ ሪሲቨር መጣ፤ ቀጥሎ ጎረቤታችን የተቃጠለ እስታብላይዘር በልጁ አሸክሞ ላከ። «ኢንጂነሩ ገብቷል» ተብሎ ተወርቷል። እኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ብል ትሕትና መሰላቸው። የባሰው ግን የእናቴ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ከግድግዳ የሚሰካ ያረጀ ነው፤ እናቴ ጠዋት ቡና ሲፈላ ሳትከፍተው አትውልም። ያን ጊዜ ግን እንደ ንብ ቀፎ «እምምም» እያለ የተናጋሪው ድምፅ አይለይም ነበር። ጀርባውን ፈታሁት። ውስጡን አየሁ። በደብተሬ ላይ በመሥመር ሥዬው የማውቀው ነገር ሁሉ እዚያ አለ፤ አንዱንም ግን በመልኩ አላውቀውም። ሦስት ቀን በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን የጣቢያ መፈለጊያውን መርፌ የሚጎትተውን ክር በጥስኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። እናቴ ምንም አልተቈጣችም። «ግድ የለም ልጄ፤ ትምህርትህም ገና አላለቀም» አለችኝ። ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሬዲዮውን ጠቅልዬ አመጣሁትና መርካቶ ወደ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሱቃቸው ስፋቱ ይህን የቆምኩበትን መድረክ አያህልም። ተማሪ መሆኔን ደበቅሁ። ሰውዬው ሬዲዮውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አልሰኩትም፤ አንድ የቆየ አምፖል በመካከል አድርገው ነው የሰኩት። ውስጡ ተገናኝቶ ቢሆን አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፥ ሬዲዮው ግን አይቃጠልም፤ ደኅና ከሆነ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። በልቤ «ይህማ ያው የቮልት ክፍፍል ነው!» አልኩ፤ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፥ ለዚህ ይረዳል ብሎ ያሰበ ግን ማን ነው። አምፖሉ ደበዘዘ። ሰውዬው ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው «እምምም» የሚለውን ጥቂት ሰሙና «ኮንደንሰሩ ደርቋል» አሉ።

«ካፓሲተሩ ማለትዎ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ተማሪ ነህ ለካ» ብለው ሣቁ።

በዚያች ሰዓት የደረሰብኝን ነገር በቃል ለመግለጥ ያስቸግረኛል። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ዳዮዶቹ ሲያቀኑት በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ይሆናል፤ ያንን ከፍ ዝቅ የሚሞላው ካፓሲተሩ ነው። በፈተና ላይ «200 ሚሊ አምፔር ለሚወስድ ዕቃ 1000 ማይክሮ ፋራድ ቢደረግ ሪፕሉ ስንት ይሆናል?» ተብለን 2 ቮልት ብዬ መልሼ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ካፓሲተሩ ሲደርቅ ፋራዱ ይቀንሳል፤ ሪፕሉም ይበዛል። ያ እናቴን ያሰለቻት ድምፅ በፈተና ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ሪፕል ራሱ ነበረ። በቊጥር አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም። ጠጋኙ ደግሞ ድምፁን ያውቁታል።

ደኅና ኮንደንሰር አንሥተው በአሮጌው እግሮች ላይ ቢያስነኩት ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሲበይዱትም «እንዲህ ያለው ሬዲዮ አዲስ አስገብቼበት በዓመቱ ይመለስብኛል፤ ዕቃው የማይረባ ሆኖ ነው» ብለው አማረሩ። ተጠግቼ አየሁ። ኮንደንሰሩ ከሚሞቀው ትራንስፎርመር ጋር ተለጥፎ ተቀምጧል፤ በላዩም 85 ዲግሪ የሚል ተጽፎበታል። ይህንንስ ተምሬዋለሁ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቊጥር የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፥ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተነነ ያልቃልና። «ጋሼ፥ 105 የሚል ካለ እርሱን ያድርጉበት፤ እግሩንም ረዘም አድርገው ከትራንስፎርመሩ ያርቁት» አልኩ። ከመሳቢያቸው እየለቀሙ ያነብቡ ጀመር። «ይኸ 105 ለዚህ ኖሯል? እኔ የምመርጠው በፋራዱና በቮልቱ ብቻ ነበር» አሉ። ክሩንም በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተክተው የኮንደንሰሩን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። ሬዲዮው ደሴ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጠዋት ጠዋት ይሠራል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክቡራን መምህሮቻችን፥ አንድ ጥያቄ በድፍረት ልጠይቃችሁ። ያን ቀን 3.3 ብዬ ጽፌ «ምክንያቱን አላወቅንም» ብል ኖሮ ስንት ማርክ ትሰጡኝ ነበር? ሁላችንም ከላይኞቹ ተማሪዎች የወረስነው ወሬ «ያስቀንሳል» የሚል ነው። ወሬው ሐሰት ከሆነ ዛሬ እዚሁ አስታውቁን። እውነት ከሆነ ግን እንዲለወጥ እለምናለሁ፤ የተለካው ቊጥር እንደ ተለካ ይጻፍ፤ ማርኩም ተማሪው ስለ ቊጥሩ ባቀረበው ምክንያት ይሰጥ። የቀረው ስሕተት የእኛ ነው፤ ስለ እርሱ እናንተን አልወቅስም።

ሁለተኛው ልመናዬ ለማኅበራችን ነው። ቤተ ሙከራው ከ11 ሰዓት በኋላ ተቈልፎ ያድራል። በሳምንት አንድ ማታ፥ ኀሙስ ኀሙስ፥ ተከፍቶ የተበላሸ ዕቃ የምንፈታበት ይሁን። «ዕቃ ይሰበራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። አዎን ይሰበራል፤ እኔ የእናቴን ሬዲዮ ክር በጥሻለሁ። ግን የምንሰብረው ከየቤታችን ያመጣነውን ስለ ሆነ የመንግሥት ንብረት አይነካም፤ ፊውዝም ከኪሳችን እንገዛለን። ጠጋኙንም አነጋግሬአቸዋለሁ፤ «ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ከሆነ እመጣለሁ፤ ግን እኔ ምን አስተምራለሁ?» ብለውኛል። በየመንገዱ እንደምንለው «ሬዲዮ ሠሪው» ሳይሆን እንደ መምህር በክብር እንዲጠሩልን እፈልጋለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቻርጀርና ቴሌቪዥን አታምጡ። የ220 ቮልት መብራት ተቀንቶ ሲጠራቀም እስከ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ይዞት ሊቈይ ይችላል፤ በሰው እጅ በኩል መውጣትም አይሳነውም። በባትሪ ከሚሠራ ሬዲዮና ከእጅ ባትሪ እንጀምር። የሪፖርት ጸሐፊዎችም ፕሮብ ይያዙ፤ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

የስም መመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ በስሜ ትይዩም «የሁለት ሬዚስተር ሙከራ፥ እንደ ገና» ብዬ ጽፌበታለሁ።