ወላጅ ሲመለስ ልጅ በምን ይቆያል?



እዚህ ናይሮቢ አብረውን ከሚኖሩት መካከል በዲፕሎማትነት ተመድበው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ሻንጣ ይታሰራል፣ ስንብት ይደረጋል። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የደረሰው ልጅስ? አቋርጦ ይመለስ?

እ.ኤ.አ. የ1961 የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 37 ከዲፕሎማቱ ጋር ለሚኖሩ ቤተሰቦቹም ከለላ ይሰጣል። በአንቀጽ 39 ግን፣ ሥራው ሲያበቃ ይህ መብት ባለመብቱ ከአገር ሲወጣ ወይም ለመውጫ የሚሰጠው ተገቢ ጊዜ ሲያልፍ ይቋረጣል። ልጁ የቆየው በወላጁ ሹመት ነውና ዛፉ ሲነሣ ጥላውም ይነሣል።

መፍትሔው ልጁ በራሱ ስም የተማሪ ፈቃድ እንዲያወጣ ነው፤ ኬንያ ይህን ፈቃድ የምትሰጠው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቷ በኩል ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ የመመለሻ ደብዳቤ እንደደረሳችሁ ከትምህርት ቤቱ የተማሪነት ማረጋገጫ አውጡ። የልጁን ፓስፖርት ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ። ኤምባሲውን አማክሩ፤ ማመልከቻውንም ከመነሣታችሁ በፊት አስገቡ። እናንተም ልጆች፣ የተማሪ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አለመሆኑን አትርሱ።

የሚቀሩትን ልጆች በተመለከተ ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው። በዓመት በዓል ቤታችን እንጥራቸው፤ ፈቃዳቸው የሚታደስበትን ቀን እናስታውሳቸው። ማኅበር ማለት ወላጅ በሌለበት ወላጅ መሆን ነውና።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።