የአንበሳው ሰውና ስማቸው የጠፋ ሠዓሊዎች
(በእንጅባራ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ መስሎ ሳይታያችሁ አይቀርም። ጉዳያችን ኮሚክ ስለሚባለው የሥዕል መጽሐፍ፤ በተለይም ስለ ጥንቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚክና ስለ ሠዓሊዎቹ ነው። ነገሩን የምንጀምረው ግን ከአሜሪካ ሳይሆን ከዳንግላ ነው።

ከመካከላችን ዳንግላ ያደግነው አንድ የጠጅ ቤት ግድግዳ እናስታውሳለን። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተከፍሎ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ ሆኖ ተሥሎበት ነበር። ዘንዶው አርዌ አለ፤ መርዝ ያለባት ፍየል አለች፤ ነጋዴው ታምሪን፤ ንጉሥ ሰሎሞን፤ በመጨረሻም ታቦተ ጽዮን። ከየሥዕሉ ሥር አንዳንድ መስመር ጽሑፍ ስለ ነበረበት ፊደል የለየነው ግማሹን በዚያ ግድግዳ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ባለፈው ክረምት ስንመለስ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ አገኘነው። ሠዓሊው ማን ነበር ብለን ብንጠይቅ፤ ባለቤቲቱ ጠጅ አጥብቆ ይወድ እንደ ነበር ነገሩን እንጂ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ይህ ታሪክ በሸራ ላይ ሲሣል ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ይኖረዋል። በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰዎች እየተሸጠ ባሕር ተሻግሮ በየቤተ መዘክሩ ገብቷል። በላቸው ይመርን የመሰሉ የጥቂቶች ስም ሲተርፍ፤ የብዙዎቹ ቦታ «ሠዓሊው ያልታወቀ» በሚል ቃል ተሞልቷል። እንግዲህ ኮሚክ የሚሉትን ነገር ስሙን ሳንሰማ ነገሩን ይዘነው ኖረናል፤ የያዝነውን ያህልም ጥለነዋል።

ሠዓሊዎቹን የጣለ እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1947 በፊላደልፊያ ከተማ ኦሪን ኢቫንስ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ፤ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ሁሉ ጥቁሮች የሆኑበት አንድ የኮሚክ መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ «ኦል ኒግሮ ኮሚክስ» ነበር፤ ዋጋው 15 ሳንቲም። በውስጡ ካሉት ታሪኮች አንዱ የሳይንስ ልብ ወለድ ሲሆን፤ የሣለውም የኢቫንስ ወንድም ጆርጅ ኢቫንስ ነው። ባለ ታሪኩ «የአንበሳው ሰው» ይባላል፤ የተማረ ወጣት ሊቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ወደ ጎልድ ኮስት፤ ማለት ወደ ዛሬይቱ ጋና ይልከዋል፤ በዚያ ባለው ተራራ ውስጥ ያለውን ዩራኒየም ክፉ ሰዎች ወስደው የአቶም ቦምብ እንዳይሠሩበት እንዲጠብቅ ነው።

እስቲ ዘመኑን አስቡት። ሂሮሺማ ከተመታች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ጎልድ ኮስት በእንግሊዝ እጅ ናት። በዚያ ሰዓት ጥቁር ሊቅ የአፍሪካን ማዕድን ሲጠብቅ ማሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። እርግጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ሊቅ ራቁቱን ሊባል በሚችል ሁኔታ ግልድም ታጥቆ በጫካ ሲሮጥ ስናይ ስቀናል፤ ያ ከታርዛን የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ሐሳቡ የራሳቸው ነው።

ሁለተኛው እትም ተዘጋጅቶ ሳለ ኢቫንስ ወረቀት የሚሸጥለት አጣ። መጽሐፉን ያስቀረው የአንባቢ ማነስ ሳይሆን የወረቀት መከልከል ነው። ለብዙ ዘመን ከጥቂት ሰብሳቢዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ከ75 ዓመት በኋላ ክሪስ ሮቢንሰን የተባለ አዘጋጅ እንደ ገና አሳትሞት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የአይዝነርን ሽልማት አገኘ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆ ኦርላንዶ የሣለው «የፍርድ ቀን» የተባለ አጭር ታሪክ፤ ብርቱካንማና ሰማያዊ ሮቦቶች ተለያይተው ስለሚኖሩበት ዓለም ይናገራል። ከምድር የመጣው መርማሪ ይህ ዓለም ገና አልበቃም ብሎ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይታያል። በ1956 እንደ ገና ሊታተም ሲል የኮሚክ ተቆጣጣሪው ሰውዬው ጥቁር እንዳይሆን ጠየቀ። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ ብሎ እንዳለ አወጣው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ባለ ታሪኩ ልዩ ኃይል ያገኘ፤ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። (ሥራ ፈላጊነቱ ልብ ወለድ አለመሆኑን ተመራቂዎቻችን ያውቁታል።) ይህ መጽሐፍ ከሰባ ዓመት በኋላ በማን እጅ ይገኝ ይሆን?

አባቶቻችን የዓድዋን ፈረሶች ውለታ እንዳይረሳ ብለው በ1932 ዓ.ም. የሰባቱን ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አቆሙ፤ ጥር 23 ቀን እዚሁ እንጅባራ ሜዳው ሲሞላ የምናየው ከዚያ የመጣ ነው። ለፈረሰኛው የተደረገው ለሠዓሊው አልተደረገለትም።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ዳንግላ፤ ወደ ቻግኒና ወደየቀበሌያችሁ የምትሄዱ ሁሉ፤ በጠጅ ቤትም ሆነ በሱቅ ግድግዳ ላይ ሥዕል ብታዩ ኖራው ሳይቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡልን፤ የሠዓሊውንም ስም ከነአባቱ ጠይቃችሁ አምጡልን። የጠጅ ቤቷን ባለቤት እኛው ራሳችን ደግመን እንጠይቃታለን፤ ታላቅ እኅቷ ሳታስታውሰው አትቀርም ብላናለች።